የጀልባተኛው ሳልቩ አሟሟት

ሰኞ ጠዋት፣ ቀዩ ዝናብ በዘነበ በማግስቱ ማግስት፣ በካላ ሲዳ የጀልባ መውጫ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ዊስቲን ዘራፋ፣ የሟቹ ሴት ልጅ ስቲዬና፣ ከገደሉ አናት ላይ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ሮሜዎ ግሪማ፣ እጁ በካቴና የታሰረው ወጣቱ ጀልባተኛ ኢንድሪ ታቦነ፣ ኢንድሪን የሚጠብቀው ሳጅን ፋልዞን። ሟቹ ሳልቩ ዘራፋ ቫሌታ ከተማ አስከሬን ክፍል ውስጥ ነበር። ኢንስፔክተር ዶሎር ሳሊባ ደግሞ ከጎረቤቷ ደሴት ከጎዞ በመጀመሪያው መርከብ ተሻግራ፣ ትኩስ ፓስቲዚ፣ አይብ የገባበት ሳንቡሳ መሰል ምግብ፣ የያዘ የወረቀት ከረጢት በእጇ አንጠልጥላ፣ የድንጋዩን ደረጃ ቀስ እያለች ትወርድ ነበር።

አጭር፣ ወፍራም፣ ከሃምሳ ያለፈች ሴት ናት። አባቷ ጀልባተኛ ስለነበር በባሕር ዳር ስትራመድ እግሯን የምታስቀምጠው ድንጋዩን ሳታይ ነው።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው እመቤት» አላት ሳጅን ፋልዞን ገና ከደረጃው ሳትወርድ። «እርስዎን የጠራንዎ ለሥርዓቱ ያህል ነው።»

«ያለቀ ከሆነ ፊትህን ምን አላበው?»

«ሙቀቱ ነው።»

«እንግዲያው ፓስቲዚ ብላና ከመጀመሪያው ንገረኝ። ከመጨረሻው አትጀምር።»

ሳጅኑ አንዱን አንስቶ ጣቱን እያቃጠለው ነገራት። ሳልቩ ዘራፋ ጎብኚዎችን በእንጨት ጀልባው እያሳፈረ የመነኩሲቱ ዋሻ የሚባለውን የባሕር ዋሻ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። ሐሙስ ማታ፣ «ነገ ጎዞ ተሻግሬ እህቴ ዘንድ እሰነብታለሁ» ብሎ ለሁሉም ተናግሯል። ዓርብ ከቀትር ጀምሮ የደቡቡ ነፋስ ተነሣ፤ መርከብም ጀልባም ቆመ። እህቱ ነፋሱ አስቀረው አለች፤ መንደሩም ጎዞ ነው ብሎ ተኛ። ቅዳሜ ማታ ዝናቡ የበረሃውን አቧራ ይዞ ቀይ ሆኖ ወረደ። እሑድ ጠዋት ባሕሩ ሲረጋ የመጀመሪያዋ ጀልባ ጎብኚዎችን ይዛ ዋሻው ውስጥ ገባች። በውስጠኛው ድንጋይ ላይ ሳልቩ ተጋድሞ ነበር። ከጎብኚዎቹ አንዱ የቆየ ሐውልት መስሎት ፎቶ አነሣው።

«ሐኪሙስ?»

«ከኋላ ጭንቅላቱ ላይ በእንጨት ተመትቷል። የሞተው ዓርብ ጠዋት ነው፤ ነፋሱ ሳይነሣ። ከዚያ በኋላማ ማንም ዋሻው ሊገባ አይችልም ነበር።»

«ኢንድሪ ምን አደረገ?»

«ሐሙስ ማታ ሮሜዎ ቤት ሁሉ ሰው ፊት ጠረጴዛ ደብድቦ፣ ‹አንድ ቀን ከዚያ ዋሻ አትወጣም!› ብሎ ሳልቩ ላይ ጮኸበት። ሳልቩ ልጄን አልሰጥህም ብሎታል፤ የተቀናቃኛችን የላይኛው ሰፈር ባንድ መለከት ነፊ ለኔ ቤት አይሆንም ብሎ። ዓርብ ጠዋት የት ነበርክ ስንለው ተኝቼ ነበር አለ። እናቱ ግን አልጋው ባዶ ነበር አለችን። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቫሌታ እንወስደዋለን፤ ነገ ይከሰሳል።»

ዶሎር ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ አራግፋ ወደ ጀልባዎቹ ሄደች። በነፋሱ ምክንያት ሁሉም ወደ መውጫው ድንጋይ ተስበው አፍንጫቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው ቆመዋል። በሰማያዊ፣ በቀይና በአረንጓዴ ቅባቸው ላይ ሁሉ የቀዩ ዝናብ ጭቃ ደርቆ ተዥጎርጉሯል። ከፊት ያለው የዘራፋዎቹ ጀልባ ነው። በአፍንጫው ግራና ቀኝ የተሣሉት ሁለት ዓይኖች ባሕሩን ያያሉ፤ ከዓይኖቹ ሥር ያለው፣ ጀልባተኞቹ ጢም የሚሉት ሰፊ ቅብ ጥቁር ነው። የሌሎቹ ጢም ቢጫ ነው፤ ቢጫ የካላ ሲዳ ቀለም ነውና። ሐዘን የገባው ቤት ግን የጀልባውን ጢም ጥቁር ይቀባል፤ ዓመት እስኪሞላም አይለውጠውም። ዶሎር እንደ ጀልባተኛ ልጅነቷ ራሷን ዝቅ አድርጋ አለፈች።

ከፖሊስ ገመድ ወዲያ ጎብኚዎች ተሰልፈዋል። አንዲት ሴትዮ አስጎብኚውን፣ «ባለ ጥቁሩ ከሁሉም ያምራል፤ በእሱ መሄድ አንችልም?» እያለች ትጠይቀው ነበር። አስጎብኚው ፀሐዩን ያያል።

ኢንድሪ ታቦነ በጀልባዎቹ ትኬት መሸጫ ጎጆ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነው።

«ዓርብ ጠዋት የት ነበርክ?» አለችው ዶሎር።

«ተናግሬያለሁ። ተኝቼ ነበር።»

«እናትህ አልነበረም ብላለች።»

«እናቴ ያለ መነጽር በሩንም አታየውም።»

ዶሎር አጠገቡ ቁጢጥ አለች። የሱሪው እግር ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ በጥቅሉ ውስጥ ጣቷን አስገብታ አንድ ሁለት ፍሬ አወጣችና መዳፏ ላይ አደረገች። ጥቃቅን የወፍ ጥሬ ነው። እጆቹንም አየች፤ በእሾህ ተጫጭረዋል።

«መረብህን የት ነው የዘረጋኸው?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጆሮው ቀላ። «የምን መረብ?»

«የወፍ መረብ ነዋ! ጀልባተኛ ጥሬ ቆርጥሞ አያድርም።»

ኢንድሪ ወደ ሳጅኑ አየ፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ። «ኢንስፔክተር፣ በመረብ ከተያዝኩ የጀልባ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ከገደሉ ጀርባ ነው የዘረጋሁት። ከጀልባው ሌላ ምን መተዳደሪያ አለኝ?»

«በሰው ነፍስ መጠየቅ ይቀልሃል?»

«እኔ አልገደልኩትም! መጮህስ ጮኼበታለሁ። ሽማግሌው ራሱ ይጮህብኝ የለ? ባለፈው ዓመት በበዓሉ ቀን በመለከቴ ውስጥ ቲማቲም ከተተበት። ለዚያ ማን አሰረው?»

«ዓርብ ጠዋት ማን አየህ?»

«ወፎቹ።»

ዶሎር ሳትፈልግ ሳቀች። ሳጅን ፋልዞን ግን አልሳቀም፤ ወደ ጎን ጠራት። «ወፍ የሚያጠምድ ሰው አይገድልም ማለት ነው?»

«አይደለም። ለምን እንደዋሸ ግን አወቅን። ውሸቱን ከክስህ ላይ አንሣው፤ ምን ይተርፍሃል?»

«ጩኸቱ።»

«በዚህች ደሴት በጩኸት ቢታሰር ኖሮ ቁልፉን የሚይዝ ሰው አይተርፍም ነበር።»

ስቲዬና ከትኬት መሸጫዋ ወጥታ መንገድ ዘጋችባት። ረጅም ናት፤ ዓይኗ አብጧል፤ ግን አሁን አታለቅስም።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። አባቴን ነገ እቀብራለሁ። ኢንድሪን ዛሬ ከወሰዳችሁት ሁለት ሰው ነው የምቀብረው። አንድ ጊዜ በፖሊስ መኪና ከዚህ ከወጣ፣ በኋላ ነጻ ነህ ብትሉትም ይህ መንደር ሳልቩን የገደለው ነው እያለ ይኖራል። እኔም አጠገቡ ልኖር አልችልም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን አሁን ይወቁት።»

«አንቺስ አልጠረጠርሽውም?»

ስቲዬና ከንፈሯን ነከሰች። «ትናንት ማታ ለትንሽ ጊዜ ጠረጠርኩት። ጠርጥሬ እንቅልፍ ነሣኝ። ሁለተኛ እንደዚያ ማደር አልፈልግም።»

ዶሎር ትከሻዋን ያዝ አድርጋ ትኬት መሸጫዋ ውስጥ አስቀመጠቻት። «አባትሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ማታ። ከሮሜዎ ቤት ተናድዶ ሲመጣ። ቤት አልገባም፤ እዚህ ጀልባው ጋ ቆመ። ላምጣልህ እራት ስለው አልፈልግም አለኝ። የጀልባውን ጢም በእጁ እያሻሸ፣ ‹ቢጫውን ጥሩ አድርገሽ ቀባሽው› አለኝ። ለበጋው እኔ ነኝ የቀባሁት። አባቴ ሰው አያመሰግንም ነበር፤ ገረመኝ።»

«አጎትሽስ?»

«አጎቴ ዊስቲን ሁለተኛ አባቴ ነው። ትናንት ሬሳው ሲወጣ እሱ ነው አቅፎ የያዘኝ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። እሱና አባቴ ጀልባውን ከአያቴ ነው የወረሱት። አንዱ ሲቀዝፍ አንዱ ይዘፍናል፤ ሁለቱም ድምፅ የላቸውም።» ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው።

የሮሜዎ ግሪማ ምግብ ቤት በረንዳ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። ሮሜዎ ራሱ ተንበርክኮ ከነጫጭ ወንበሮቹ ላይ ቀዩን ጭቃ እየፈተገ ይረግማል። ቀጭን ጢምና ወፍራም ቀለበት ያለው ሰው ነው።

«ይግቡ እመቤቴ፣ ይግቡ! ይህን ይዩልኝ። ቅዳሜ ማታ ሰማይ ቤት ጭቃ የሚያቦካ ሰው ነበር መሰለኝ። ወንበሬን፣ ጃንጥላዬን፣ የጠረጴዛ ልብሴን! ደግሞ ይቺ ጭቃ ከደረቀች በኋላ በጨርቅ ብቻ አትለቅም፤ መጀመሪያ ማራስ ነው። ሻይ ላምጣ? ጥንቸል አለኝ።»

«ሻይ ይበቃኛል።» ዶሎር በረንዳውን ዞር ዞር ብላ አየች። ሁለት አሮጌ የእንጨት ጀልባዎች በረንዳው ላይ ተተክለዋል። በአንዱ ውስጥ አበባ በቅሏል፤ በሌላው ውስጥ ለሁለት ሰው የሚሆን ጠረጴዛና ሻማ አለ። ከእነሱ ጎን አዲስ የተጠረቡ ሁለት የእንጨት ድጋፎች ባዶአቸውን ቆመዋል። መሐላቸው እንደ ጀልባ ሆድ ተጎድጉዶ ተቆርጧል።

«ይሄኛው የማን ማረፊያ ነው?»

ሮሜዎ ሻዩን አስቀመጠ። «ለጌጥ ነው።»

«ባዶ እንጨት ጌጥ ነው?»

«እመቤቴ፣ እኔ ምግብ ቤት ነው ያለኝ። የሟች ጀልባ ሊገዛ ነበር ከተባለ ማን እኔ ቤት ይበላል?»

«አሁን ተናገርከው እኮ። ቀጥል።»

ሮሜዎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሳልቩ ራሱ ነው የመጣው። ጉልበቴ ደክሟል፣ ፈጣኖቹ የላስቲክ ጀልባዎች ጎብኚውን ወስደውብናል፣ ከሚበሰብስ ሰው ያየው አለኝ። ቅዳሜ በክሬን ልናወጣው ነበር፤ ነፋሱ ከለከለን። ጎብኚ ይወደዋል፤ ውስጡ ተቀምጠው እየበሉ ፎቶ ይነሣሉ።»

«ወንድሙ ተስማማ?»

«‹ዊስቲን አያውቅም፤ ዓርብ ጠዋት እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ነግሬው ጎዞ እሄዳለሁ፤ ስመለስ በርዶለት ይጠብቀኛል› ነው ያለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነግሮት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ዓርብ ጠዋት ሙሉ ከሠራተኞቼ ጋር ወጥ ቤት ነበርኩ፤ መላው መንደር ድምፄን ሰምቷል። ዊስቲን ደግሞ እስከ ዛሬ ስለ ጀልባው አንድ ቃል አልተነፈሰኝም።»

ዶሎር ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች። በደረጃው ስትወርድ እንደ ሌላው ጊዜ እግሯን ሳታይ አልነበረም፤ ድንጋዩን እያየች ነው የወረደችው። ልቧ ከብዷት ነበር።

ዊስቲን ዘራፋ ከጀልባው ጎን በተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጧል። ሰፊ ጀርባ ያለው፣ አንገቱ በፀሐይ የጠቆረ ሰው ነው። ከነፋሱ ለመከለል ጀልባው ለብሶት የነበረው ሸራ ከፊት በኩል ተቀዶ እግሩ ሥር ወድቋል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አቶ ዊስቲን» አለችው ዶሎር፤ በጀልባው አፍንጫ በኩል ቆማ።

«አሜን።»

«ሸራውን ማን ቀደደው?»

«ነፋሱ ነው። ቅዳሜ ማታ፣ ዝናቡ ሊመጣ ሲል። አፍንጫው ጋ ቀደደው።»

«ዓርብ ጠዋት ወንድምዎን አይተውታል?»

«አላየሁም። ጎዞ ሄዷል ብዬ ነው።»

«ስለ ጀልባው የነገረዎት ነገር ነበር?»

«ስለ ጀልባው ምን ይነግረኛል? ጀልባው እንደሆነ ያው ነው።»

«ጢሙን ጥሩ አድርገው ቀብተውታል። ትናንት ነው?»

ዊስቲን ቀና ብሎ ሳያያት መለሰ። «ትናንት። ሬሳውን ሲያወጡት። ሌላ ምን እሠራ ነበር?»

ዶሎር ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ቅብ አየችው። ከዚያ ዓይኖቹን አየች፤ ከዓይኖቹ በላይ ያለውን አረንጓዴ ጠርዝ አየች። ቀዩ ጭቃ ከአረንጓዴው ጠርዝ ተነሥቶ፣ በአንደኛው ዓይን ላይ ወርዶ፣ በጥቁሩ ጢም ላይ አልፎ፣ ከታች ሰማያዊው ላይ ደርሶ ቆሟል። እንደ ደረቀ የእንባ መንገድ አንድ ወጥ መስመር ነበር። አጠገቡ ሌላ፤ ከእሱ ወዲያም ሌላ።

ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር። ሳጅን ፋልዞንን ጠራችው።

«ከቅዳሜ ማታ ወዲህ ዘንቧል?»

«ጠብ አላለም እመቤት። እሑድም ዛሬም ይኸው ፀሐይ ነው።»

«ሮሜዎን ከላይ ጥራው። ስቲዬናንና ኢንድሪን እዚህ አምጣቸው። ጎብኚዎቹን ደግሞ ራቅ አድርጋቸው። ይህ ለመንደሩ እንጂ ለፎቶ አይደለም።»

ሁሉም በጀልባው ዙሪያ ቆሙ። ሮሜዎ ጭቃ የነካው ፎጣውን እንደያዘ መጣ። ኢንድሪ ካቴናውን በሸሚዙ ጫፍ ሸፍኖ ነበር፤ ስቲዬና አየችውና ሸሚዙን መልሳ ገልጣ እጁን ያዘችው።

ዶሎር ንግግሯን የጀመረችው ከወፎቹ ነው። «ኢንድሪ የዋሸው ወፍ ሲያጠምድ ስለነበረ ነው። በሕግ ያስጠይቀዋል፤ ይጠየቅበታል። ግን ወደ ዋሻው ለመግባት ጀልባ ያስፈልጋል። ሳልቩ ዓርብ ጠዋት ዋሻው ውስጥ ከገባ፣ ከሚጮህበት ልጅ ጋር በዚያ ልጅ ጀልባ ይገባል? ልጄን አልሰጥህም ካለው ጋር? እኔ አይመስለኝም። ሳልቩ የገባው በራሱ ጀልባ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ነው። ነፋስ ሊመጣ ሲል ጀልባተኛ ዋሻው አፍ ላይ ያሰረውን ገመድ ያነሣል፤ አባቴም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ለዚያ ነው የሄዱት። ስለዚህ ከሳልቩ ጋር ማን ነበር ነው ጥያቄው። ሮሜዎ፣ ስለ ጀልባው የነገርከኝን ለእነሱም ንገራቸው።»

ሮሜዎ መሬት መሬት እያየ ነገራቸው። ስቲዬና፣ «አባቴ? የአያቴን ጀልባ? አበባ ሊተከልበት?» ብላ ቆመች፤ ቀጥሎ የምትለውን አጣች። ዊስቲን አልተንቀሳቀሰም።

«አሁን ይህን ጢም እዩ» አለች ዶሎር። «ሁላችሁም ከትናንት ጀምሮ አይታችሁታል። እኔም ዛሬ ጠዋት አይቼ ራሴን ዝቅ አድርጌ አለፍኩ። ማንም መቼ ተቀባ ብሎ አልጠየቀም፤ ምክንያቱም ጥቁር መሆን አለበት። ሰው ሞቷል። ቢጫ ቢሆን ኖሮ ነው ሁላችሁም የምትደነግጡት። ስቲዬና፣ ሐሙስ ማታ ምን ነበር?»

«ቢጫ» አለች ስቲዬና፤ ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ።

«ሬሳው መቼ ተገኘ?»

«እሑድ ጠዋት።»

«ቀዩ ዝናብ የዘነበውስ?»

ሮሜዎ ፎጣውን እያየ፣ «ቅዳሜ ማታ» አለ። ከዚያ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ዶሎር ጣቷን በአረንጓዴው ጠርዝ ላይ አድርጋ በጭቃው መንገድ ወደ ታች ሳበችው። «ይህ ውሃ ቅዳሜ ማታ ሸራው ሲቀደድ ከዚህ ወረደ። በዓይኑ ላይ አለፈ፤ በጥቁሩም ላይ አለፈ፤ ሰማያዊው ላይ ቆመ። ጢሙ እሑድ ተቀብቶ ቢሆን ጭቃው ከጥቁሩ በላይና በታች ይኖር ነበር፤ ጥቁሩ ላይ ግን አይኖርም። ብሩሹ ይሸፍነው ነበር።»

ሳጅን ፋልዞን ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤት፣ ሸራው ላይ የቀረ ቀይ ውሃ እሑድ ሲገለጥ ፈስሶ ቢሆንስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ ቀለሙ እርጥብ ነበር፤ ጭቃው ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ይደርቅ ነበር።» ጣቷን በምራቋ አርሳ ጥቁሩን ጠረገችው። ጭቃው ለቀቀ፤ ከሥሩ ጥቁሩ ንጹሕ ሆኖ አብረቀረቀ። «ዝናቡ የወረደው ደርቆ በጠነከረ ቀለም ላይ ነው። የጀልባ ቀለም ደግሞ በአንድ ጀንበር አይደርቅም። ጢሙ ጥቁር የሆነው ዓርብ ነው፤ ከሸራው ሥር። ዓርብ ዕለት ሳልቩ ለሁላችሁም ጎዞ ነበር፤ በሕይወት ነበር። መሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የሐዘን ቀለም ሊቀባ የሚችለው።»

ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ይሰማ ነበር።

«አጎቴ» አለች ስቲዬና። «ንገራቸው። በል ተሳስተሻል በላት።»

ዊስቲን ከቅርጫቱ ላይ ተነሣ። ለመሸሽ አልነበረም፤ እጆቹ የት እንደሚቀመጡ የጠፉበት ይመስል ጭኑን ደጋግሞ ጠረገ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። «ወንድሜ ሞቶ ቢጫ አድርጌ ልተወው?»

ስቲዬና እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«ገመዱን አንሥተን ስንጨርስ ነው የነገረኝ» አለ ዊስቲን፤ ለዶሎር ሳይሆን ለልጅቱ። «ዋሻው ውስጥ። ነገ ክሬን ይመጣል አለኝ። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ፤ ሳቅኩ። ከዚያ ሻማ ያደርጉበታል አለኝ። አባታችን የሞተበትን ጀልባ፣ ሻማ! መቅዘፊያው በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ ነው፤ ማርያምን፣ አንድ ጊዜ። ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ጠራሁት፤ ሳልቩ፣ ሳልቩ፣ በቃ አልሸጥም በለኝ አልኩት። ማዕበሉ እየመጣ ነበር። ጀልባው ድንጋዩን መምታት ጀመረ። ወጣሁ።»

«ጥለኸው?» አለች ስቲዬና። «በሕይወት ቢሆንስ?»

ዊስቲን ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«ትናንት አቅፈኸኝ አለቀስክ።»

«አለቀስኩ። ውሸት አልነበረም።»

«ኢንድሪን በካቴና ሲያስሩት እዚህ ቆመህ ነበር። እዚህ፣ እኔ አጠገብ። እጄን ይዘህ፣ ‹አይዞሽ፣ ፍርድ ይሰጠዋል› አልከኝ።»

«ያ ነው ውሸቱ» አለ ዊስቲን። «ሌሊቱን ልናገር እያልኩ ነጋብኝ። ጠዋት ደግሞ ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናህ ይለኛል። እንዴት ብዬ ልጀምር?»

ኢንድሪ ጆሮው ቀልቶ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተራመደ፤ ስቲዬና ካቴናውን ይዛ አስቀረችው። «ተወው» አለችው። «አንተም ዛሬ አትጩህ።»

ዶሎር ሳጅን ፋልዞንን በዓይኗ ጠቀሰችው። ሳጅኑ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የኢንድሪን ካቴና ፈታ። ከዚያ ያንኑ ካቴና ይዞ፣ ምን ማለት እንዳለበት ጨነቀው።

«አቶ ዊስቲን...» አለ።

ዊስቲን ራሱ ሁለቱንም እጁን ዘረጋለት። በደረጃው ሲወጡ ሮሜዎ ግድግዳውን ተደግፎ መንገድ ለቀቀ። ዊስቲን አጠገቡ ሲደርስ ቆም ብሎ አየው፤ አልተሳደበም። ሮሜዎ ግን እንደተሰደበ ሰው ፊቱን በጭቃው ፎጣ ሸፈነ።

ስቲዬና ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኢንድሪ የተለቀቁትን እጆቹን እያሻሸ ቢያናግራት ባያናግራት ግራ ገብቶት ከጎኗ ቆመ።

«ጠርጥሬህ ነበር» አለችው ሳታየው። «ትናንት ማታ።»

«ማን አይጠረጥርም? እኔስ ራሴን ልጠረጥር ምንም አልቀረኝም ነበር» አለ። ቀልዱ እንዳልሠራ ሲያውቅ ዝም ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። አልተጠጋችውም፤ አልራቀችውም።

ዶሎር ወደ መኪናው ከመውጣቷ በፊት ልታናግራት ጎንበስ አለች። «ነገ ለቀብሩ የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ...»

«አጎቴን ለቀብሩ ማምጣት ትችላላችሁ?»

ኢንስፔክተሯ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀችም ነበር። «ትፈልጊያለሽ?»

ስቲዬና ወደ ጥቁሩ ጢም አየች። «አላውቅም» አለች። «አሁን አልፈልግም። ከዓመት በኋላ ለምን አላመጣሽውም ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ መሰለኝ።»

«እጠይቃለሁ። ቃል ግን አልገባልሽም።»

ፈቃድ አልተገኘም። ሳልቩ ዘራፋ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ፤ የሁለቱም ሰፈር ባንዶች ያለ ሙዚቃ ከሬሳው ኋላ ሄዱ፤ ሬሳውን ከተሸከሙት መካከል አንዱ ኢንድሪ ታቦነ ነበር። በዚያው ሰዓት ዊስቲን ዘራፋ ቫሌታ ዳኛ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ ጠበቃ እንዲቆምለት ቢጠየቅም አልፈለገም።